የዳሽቦርዱ ቀይ መብራት

ሰው ሲዋሽ ቢያንስ ዓይኑን ይሰብራል። የእኔ መኪና ግን ዓይኗን አፍጥጣ ነበር የምትዋሸው። ጠዋት፣ ሞተሯ ብርድ ላይ አድሮ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ገና ቁልፉን ስጠመዝዘው የሙቀቱ ቀስት ተስፈንጥሮ ቀዩ ላይ ይለጠፋል። ናፍጣ አፍ እስከ ገደፏ ሞልቻት የነዳጁ ቀስት ባዶ ላይ ይተኛል። የፊት መብራት ያበራሁ እንደሆነ ደግሞ ሁለቱም ቀስቶች ብድግ ብለው እስክስታ ይወርዳሉ። ከሁሉም የባሰችው ግን የዘይት ምልክት ያለባት ቀይዋ መብራት ነበረች። ሞተር ሲነሳ መጥፋት ነበረባት፤ አትጠፋም። ዳሽቦርዱን በቡጢ ስመታው ለአፍታ ትጠፋና እጄን ሳነሳ ተመልሳ ትበራለች። ስንት ጊዜ እንደደበደብኩት እኔና እጄ ነን የምናውቀው።

ይቺ ፒካፕ ወደ ወገዳና ወደ ጋይንት ገበያዎች እየዞርኩ ገብስና ባቄላ የምጭንባት ናት። ከእኔ በፊት ስንት ጌታ እንዳገለገለች አላውቅም። አርጅታለች፤ መንገዱ ደግሞ መንገድ ይባላል እንጂ ከወንዝ ድንጋይ አይሻልም። ሥራው የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀስቶቹ ይጨፍሩ፣ መብራቷም ትብራ ብዬ በጆሮዬ እየነዳሁ እኖር ነበር። ሞተር ሲታመም በድምፁ አውቀዋለሁ። ነገሩ ግን የእኔ ብቻ አልነበረም። የእናቴ ዓይን ነበረበት።

እናቴ የምትኖረው ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ፣ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷቸዋል። የቀኙ ጭራሽ ጨልሟል፤ በግራው ሰው ከበግ ትለያለች እንጂ ማን እንደመጣ የምታውቀው በድምፁ ነው። በዚያ ሰሞን የዓይን ሐኪሞች ደብረ ታቦር መጥተው ሞራ እየገፈፉ ነው ተባለ። ጥቂት ቆይተው ወደመጡበት ይመለሳሉ፤ ዳግመኛ መቼ እንደሚመጡ የሚያውቅ የለም። መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ በሚዘጋበት ዘመን እንዲህ ያለ ዕድል ካመለጠ አመለጠ ነው። ችግሩ፣ እናቴ መኪና አትሳፈርም።

የማትሳፈረው ታላቅ ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ነው። አንድ ቀን ከእሷ ቤት ተነስቶ፣ እህል በጫነ መኪና ከጆንያው በላይ ተቀምጦ ወደ ደብረ ታቦር ሄደ። ከቤቷ ብዙም ሳይርቅ፣ ቁልቁለቱ ላይ ካለችው ኩርባ ሲደርስ መኪናው ተገለበጠ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያንም፣ ገበያም፣ ልቅሶም በእግሯ ነው። ጎረቤቶቿ "እባብ ያየ በልጥ በረየ" እያሉ ይተርቱባታል። እኔ ይኼ ተረት ያናድደኛል። እሷ ያየችው እባቡን ራሱን ነው፤ ልጡን ማን አሳያት?

እኔንም እንዲሁ በዋዛ አታሳልፈኝም። በደጇ ባለፍኩ ቁጥር የሞተሩን ድምፅ ለይታ፣ ጠበል በሃይላንድ ይዛ መንገዱ ዳር ትቆማለች። ከቤተ ክርስቲያን የምታመጣውን እምነት፣ ያን የተባረከ አፈር፣ በጠበሉ ውስጥ በጥብጣዋለች። በስመ አብ ትልና በመስኮቱ በኩል ትረጨኛለች፤ እኔን፣ መሪውን፣ መስታወቱን፣ እጇ የደረሰበትን ሁሉ። ቸኩያለሁ ማለት አይሠራም። ሳልረጭ ያለፍኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሐኪሞቹ መጡ በተባለ ጊዜ ስለምናት፣ ስቆጣት፣ ንስሐ አባቷን አማላጅ ስልክባት፣ በመጨረሻ እሺ አለች። ግን በአንተ መኪና ብቻ ነው አለችኝ። ጠዋት ስደርስ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ምርኩዟንና የጠበል ሃይላንዷን ይዛ ጠበቀችኝ። ደግፌ ጋቢና አስገባኋት። ሐሳቧን ሳትለውጥ ልሂድ ብዬ ቶሎ ሞተሩን አስነሳሁ። ቀይዋ መብራት ቦግ አለች።

የልጇን ፊት ለይታ የማታይ ሴት ያቺን መብራት አየቻት።

"ይች ቀይ ምንድን ናት?" አለችኝ።

ምንም አይደለች፣ ዝም ብላ ነው የምትበራ አልኳት። ዝም ብሎ የሚበራ ነገር አለ ወይ አለችኝ። ሞተሩ ደህና ነው፣ መብራቷ ናት የምትዋሽ አልኳት። እሷ የምትዋሽ ከሆነ ሌላው እንደማይዋሽ በምን አወቅህ ብላ ጠየቀችኝ። በሩን እየዳበሰች ከፈተችና ወረደች። ለመንኳት፤ ጎረቤቶቿም መጥተው ለመኗት። አሻፈረኝ አለች። ይባስ ብላ እኔ ባዶዬን ስመለስ ክፉ እንዳይነካኝ ያንን ጠበል ጋቢናው ውስጥ አንድም ጠብታ ሳታስቀር ደፋችብኝ። በሩን በኃይል ዘግቼ፣ የረጠበ ሱሪዬን ይዤ ወደ ከተማ ተመለስኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም።

በቀጥታ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀለ አየ፤ ደህና ናቸው። ዘይቱን ለካው፤ ሙሉ ነው። የዘይቱን ሴንሰር ፈታና ሌላ አሰረልኝ፤ ቀይዋ እንደሆነች ቁጭ ብላለች። ከዚህ በኋላ ማሰቡን ተወና ፒንሳውን አነሳ። ወደ መብራቷ የሚሄደውን ሽቦ አገኘሁት ብሎ ከዳሽቦርዱ ሥር ገብቶ ቆረጠ። ስንሞክረው ቀይዋ ትበራለች፣ ጥሩምባው ግን ዝም ብሏል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይላሉ፤ ይኼ አጥሩን ነቅንቆ አልበቃውም፣ ቆረጠው እንጂ። ሽቦውን መልስ ብዬ ጮህኩበት። መለሰና፣ ዋናውን ብልሃት አሁን ላሳይህ ብሎ ከኪሱ ጥቁር ፕላስተር አወጣ። በጥፍሩ ቆርጦ መብራቷ ላይ ለጠፈው። በቃ፣ እናትህ አሮጊት ናቸው፣ አያዩም፣ ጭነህ ውሰዳቸው አለኝ።

ዓይኗን ልታክም የምትሄድን ሴት ዓይን በፕላስተር ልሸፍን! ፕላስተሩን ከነቀለሙ ልጬ መሬት ላይ ወረወርኩት። ሰውየው የተቆጣሁበት ምክንያት እስከ ዛሬ የገባው አይመስለኝም።

ሻይ ቤት ስገባ ደግሞ ሾፌሮቹ ሁሉ መካሪ ሆኑ። ምክራቸው አንድ ቃል ነበር፤ አትየው። የእኔም መኪና እንደዚያ ነው ይላል አንዱ፣ አትየው። ሙቀቱ ቢጨፍር አትየው፣ ነዳጁ ቢተኛ አትየው። ከዚህ ቃል የበለጠ የምጠላው ቃል የለም። ድልድዩ ይሰነጠቃል፣ አትየው። መብራት ሄዶ ይሰነብታል፣ አትየው። ጤና ጣቢያው መድኃኒት የለውም፣ አትየው። ወንድሜን የጫነው ሾፌርም ፍሬኑ ያዝ ለቀቅ እያደረገ ቆይቶ ነበር አሉ፤ ለእሱም አንዱ ሻይ እየጠጣ አትየው ብሎት ይሆናል። ይኼንን በልቤ አላስቀረሁትም፣ እዚያው ተናገርኩት። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ደብረ ታቦር ያለ ዘመዴ ጋ ስደውል ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ሊሰበስቡ ነው፣ ከነገ በኋላ አታገኟቸውም አለኝ። የቀረኝ ተስፋ ዳሽቦርዱን እንዳለ መለወጥ ነበር። ገበያው ዳር የመለዋወጫ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ነጋዴ አሉ፤ ከተማው ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው። የእኔን አባት ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቁ፣ ሐዘናችንም ላይ ድንኳን ሥር ተቀምጠው የሰነበቱ ሰው ናቸው። ሐጂ፣ ለይቺ መኪና የሚሆን ዳሽቦርድ ይኖርዎታል ወይ አልኳቸው። መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ እንኳን ዳሽቦርድ አምፖልም አልመጣልኝ አሉ። ፊቴን አይተው ግን አላሰናበቱኝም። ካቻቢቴና ፒንሳ ሰጥተውኝ፣ "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው፤ ከመለወጥህ በፊት ፈተህ እየው" አሉኝ።

መኪናዋን ሱቃቸው ፊት አቁሜ የባትሪውን ገመድ ነቀልኩ። በመሪው ዙሪያ ያሉትን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈታሁ፤ ሁለቱ ዝገው አናታቸው ተላጨ፣ እነሱን እየረገምኩ በፒንሳ አወጣኋቸው። የፍጥነቱን ገመድ ከጀርባ አላቅቄ፣ የሽቦዎቹን ሶኬት ነቅዬ፣ ቀስቶቹ ያሉባቸውን ሰዓቶች የያዘውን ሳጥን ከነመስታወቱ እንደ ገበታ ይዤ በሐጂ ባንኮኒ ላይ አስቀመጥኩት። ገለበጥኩት።

ጀርባው ላይ እንደ ወረቀት የሳሳ ላስቲክ አለ፤ በላዩ የመዳብ መስመሮች ተስለዋል። እያንዳንዱ መስመር ለአንዱ ቀስት ወይም ለአንዷ መብራት ነው። ሶኬቱ የሚገባበት ቦታ ግን መስመር አይታይም። አረንጓዴ ዝገት ወጥቶበታል፤ በዝገቱ ላይ ነጭ ጨው፣ በጨው ላይ ደግሞ ግራጫ ጭቃ ደርቆ ተጋግሯል። መገናኘት የሌለባቸውን መስመሮች አገናኝቷቸዋል፣ መገናኘት ያለባቸውን ለያይቷቸዋል። ቀስቶቹ የጨፈሩት ለዚህ ነው። ቀይዋም አልጠፋ ያለችው ለዚህ ነው።

ምን ደፋህበት አሉኝ ሐጂ። ምንም አልኳቸው፤ ዝናብ ይሆናል አልኩ። ዝናብ አፈር ይዞ በመስታወት አይገባም አሉና በካቻቢቴው ጫፍ ትንሽ ነካ አድርገው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ከዚያ ቀስ ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። ካቻቢቴውን በጨርቅ ላይ አስተኙት፤ እኔንም ሳያዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ይኼን እኔ አላራግፈውም። የእናንተ ነው። አንተው አንሳው" አሉኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። እናቴ ለስንት ዓመት በመስኮቴ ስትረጨው የኖረችው ጠበልና እምነት! በሰዓቶቹ መስታወት ጠርዝ ሰርጎ፣ ጠብ ጠብ እያለ፣ ከነአፈሩ እዚያ ጀርባ ላይ ሲጠራቀም ኖሯል። እሷ ራሷ ያበራቻትን መብራት ፈርታ ከመኪናው ወረደች። እኔ ደግሞ በእሷው ጠበል ሱሪዬ ረጥቦ ከጋራዥ ሻይ ቤት ስዞር፣ ስጮህ፣ ሰው ስሳደብ ዋልኩ። በእናቴ ላይ እንዲህ ዓይነት ቁጣ ይመጣብኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። አጠገቤ ብትሆን ምን እንደምላት አላውቅም ነበር።

ያንን ጭቃ ፍቄ ቦይ ውስጥ ልጥለው እጄን አነሳሁ። እጄ እንቢ አለኝ። የጠበል ነገር እግር በሚረግጠው መሬት አይደፋም፤ ይኼንን ከጡት ጋር የጠባሁት ነው፤ ቁጣ አያስረሳውም። ሐጂ ስኳር የሚጠቀለልበትን ዓይነት ንጹሕ ወረቀት ቀደው አቀበሉኝ። ጥርሴን ነክሼ በጥርስ ብሩሽ እየፋቅኩ ያንን አፈር በወረቀቱ ላይ ሰበሰብኩ፤ አጥፌ ደረት ኪሴ ከተትኩት።

ከዚያ በኋላ ሐጂም እጃቸውን አስገቡ። መዳቡን በአልኮል አጠብነው፤ የቀረውን ዝገት በተማሪ ላጲስ እየፈተግን አነሳነው። የተበላውን አንድ መስመር ቀጭን ሽቦ አጋድመው በቀለጠ ስታኞ በየዱት። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ወደ መኪናው አካል የሚሄደው፣ ኤሌክትሪኩን የሚመልሰው የማሳ ሽቦ አንድ ክር ብቻ ቀርቶት ስለነበር አዲስ ሽቦ ዘረጋሁና በብሎን አጠበቅኩት። መልሼ ገጠምኩ። ቁልፉን ስጠመዝዘው ቀይዋ በራች፤ ሞተሩ ሲነሳ ጠፋች። የሙቀቱ ቀስት ከታች ተነስቶ እንደ ጨዋ ሰው ቀስ እያለ ወጣ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደስ አላለኝም። ሐጂን አመስግኜ በቀጥታ ወደ እናቴ ነዳሁ።

ድምፁን ሰምታ ወጣች። በእጇ ሃይላንዱ አለ። ወደ መስኮቱ ሳትደርስ ወርጄ እጇን ያዝኳት። ነገርኳት፤ ሁሉንም፣ አንድም ሳላስቀር። መብራቷን ያበራሽው አንቺ ነሽ፣ ዓይንሽን ልታጪ የደረስሽው በገዛ እጅሽ ነው አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። ፈታችው፤ አፈሩን በጣቷ ዳበሰችው። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችና ሳመችው። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

"ታዲያ የተበላሸው ሰዓቱ ነው" አለችኝ። "አንተ ደህና አይዶለህ?"

ቁጣዬ እንዳለ ነው፤ የሚያርፍበት ግን አጣ። እሷ ቀና ብላ ወደ ድምፄ እያየች፣

"ወንድምህን የዚያን ለት አልረጨሁትም፤ ቸኮለብኝ። ስትመለስ ብየ ተውሁት" አለች።

ይኼን ነግራኝ አታውቅም ነበር። ለማንም የነገረች አይመስለኝም።

ቀይዋ ጠፍታለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ጠፍታለች አልኳት። ጋቢና አስገብቼ ሞተሩን አስነሳሁላት። ፊቷን ከመስታወቱ ልታጋጨው ምንም እስኪቀራት አስጠግታ በግራ ዓይኗ ፈለገቻት። የለችም አለች። በአንድ ነገር ተስማማን፤ ጠበሉን ይዛ ትሄዳለች፣ ግን ጋቢናው ውስጥ አንድ ጠብታ እንዳይፈስ። እሺ አለችኝ። ሃይላንዱን ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀመጠች፤ በሩን ዘጋሁና ጉዞ ጀመርን።

ወንድሜ የተገለበጠበት ቁልቁለት ጋ ደረስን። ኩርባዋን እንደማታይ አውቃለሁ። እሷ ግን መኪናው ሲያዘነብል በወገቧ አወቀችው። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። እየዳበሰች ዳሽቦርዱ ላይ ዘረጋችው፤ ሊጥ እንደሞላ ቡሃቃ አለበሰችው። ውሃ እንዳይገባበት ዳር ዳሩን በጣቷ ወተፈች። ፍጥነቱ፣ ሙቀቱ፣ ነዳጁ፣ ቀይዋ፣ ስንት ቀን የተናደድኩለት ሁሉ ከነጠላው ሥር ገባ። ምን እያደረግሽ ነው ስላት ክዳኑን ከፍታ ያንን ጠበል በሙሉ ከአናቴ ላይ አፈሰሰችው።

ጮህኩባት። ውሃው ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ በአንገቴ ወርዶ ጀርባዬን አቀዘቀዘው። በአንድ እጄ መሪውን፣ በአንድ እጄ ፊቴን ይዤ፣ ፍሬኑን ረግጬ ዝግ እያልኩ ኩርባዋን ዞርኩ። እናቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ በመጀመሪያ የወንድሜን ስም ጠራች፣ ቀጥላ የእኔን። ከነጠላው ሥር ምን እንደበራ፣ ምን እንደጠፋ የማውቀው ነገር አልነበረም። ተናድጄ ነበር። ነጠላውን ግን ቁልቁለቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ እስክንወጣ አላነሳሁትም።